ስለ አራት ሰሃንና ስለ አንድ ጭልፋ ለክቡር ኃላፊው የቀረበ ምስጋና

ለከተማ ውበትና ደንብ ማስከበር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጥርሶችዎ በሙሉ ቁጥራቸው በአፍዎ ውስጥ እንደሚገኙ፣ አሥሩም ጣቶችዎ እንደ ልብ እንደሚታጠፉና እንደሚዘረጉ፣ የቅዳሜ ምሳዎንም ማንም ሳይፈነክትዎ ጨርሰው እንደሚነሱ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው። የእነዚህን ሦስት ነገሮች ዋጋ እኔና ጓደኞቼ በመሥሪያ ቤትዎ ትጋት ከተማርን ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀናችን ነው። እኔ በፈጣሪ ቸርነትና በግንባሬ ላይ ባለው ሰባት ስፌት ደህና ነኝ።

ማንነቴን ለማወቅ እንዳይቸገሩ ላስተዋውቅ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ስቀበል፣ ስመዘግብና ፋይል ውስጥ ሳስቀምጥ ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ እንዴት እንዲጠፋ እንደሚደረግም ከማንም በላይ አውቃለሁ። ዛሬ በአደባባይ የምጽፍልዎ በፊታችን ረቡዕ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት አንዲት ምግብ አብሳይ ችሎት ስለምትቀርብ ነው። የመሥሪያ ቤትዎ ክስ «በጭልፋ ምልክት በመስጠት ተመጋቢዎች በደንብ አስከባሪዎች ላይ ሰሃን እንዲወረውሩ አነሳስታለች» ይላል። ከተፈረደባት አሁን ካለችበት ማረፊያ ቤት ወደ እስር ቤት ትዛወራለች፤ ምግብ ቤቷም እንደታሸገ ይቀራል። ከክሱ ንጹሕ መሆኗን የሚያስረዳ አንድ ወረቀት ነበር። ያ ወረቀት ወደ እርስዎ ቢሮ ገብቷል፤ ቢሮዎ ደግሞ አልገባም ብሏል። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ነገር ግን ክቡርነትዎ በአጭሩ የሚገባዎ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እዚህ ባልደረስን ነበርና ዘርዘር አድርጌ አቀርበዋለሁ።

እኛ አራት ነን። አንዱ ፀጉር አስተካካይ ነው። አንዷ በቅርቡ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። አንዱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሲሆን፣ ተሳፋሪ ሲጋፋ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ቀስ በሉ» እያለ ስለኖረ ስሙ ራሱ ቀስ በሉ ሆኖ ቀርቷል። አራተኛው እኔ ነኝ። በአንድ ሰፈር አድገን፣ ኑሮ በአራት ማዕዘን ከበተነን በኋላ በስተርጅና የተገናኘነው በምሳ ነው። ክቡርነትዎ በመንግሥት መኪና ስለሚንቀሳቀሱ አያውቁት ይሆናል እንጂ፣ በዚህች ትልቅ ከተማ ውስጥ አራት ጓደኛሞች ተቀምጠው፣ ጠግበው፣ ሆዳቸውን ይዘው ስቀው፣ ሒሳብ ሲመጣም ፊታቸው ሳይገረጣ የሚነሱበት ቤት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንፈልግ ከረምን። መስፈርታችን ሦስት ነበር፤ የሚያበስለው ሰው ከተቀመጥንበት መታየት አለበት፣ ወንበሩ መንገዳገድ የለበትም፣ ወሬያችንን ሳንጨርስም ማንም ጠረጴዛ ልጥረግ ብሎ መምጣት የለበትም። ስንት ቤት ገብተን ስንት ቤት በልባችን ረግመን ወጣን መሰለዎ!

በመጨረሻ ጠባቧን አገኘን። በቁልፍ ቀራጭና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተሸጎጠች፣ ስም የሌላት ቤት ናት፤ ጠባቧ ያልናት እኛው ነን። ውስጥ አራት ጠረጴዛ፣ ደጅ በሸራ ጥላ ሥር ሁለት ጠረጴዛ አላት። ባለቤቷ፣ አብሳይዋና አስተናጋጇ አንዲት ሴት ስትሆን፣ ጭልፋ ከእጇ ስለማይለይ ባለጭልፋዋ እንላታለን። በቀን አራት ዓይነት ምግብ ብቻ ታበስላለች፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝ በአትክልት፣ ድንች በሥጋና ባቄላ በቲማቲም። ከሁሉ አስቀድማ ሾርባ ታቀርብልዎታለች። ያን ሾርባ የቀመሰ ሰው ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር አይጣላም።

አሁን ጉዳዩ የተንጠለጠለበትን ነገር ስለምነግርዎ በጥሞና ይከታተሉኝ። ሰው ሆኖ የሌላውን ሰሃን የማይመኝ የለም። ዓሣ ያዘዘው ዓይኑ ባቄላው ላይ ነው፤ ባቄላ ያዘዘው ድንቹን ያያል። ባለጭልፋዋ ይህን እሮሮ መስማት ቢታክታት አንድ ደንብ አወጣች። ምግቡ እኩሌታው ላይ ሲደርስ የድስቱን ክዳን በጭልፋዋ ሁለቴ ትመታለች፤ ቤት ያለው ሁሉ ሰሃኑን ከፍ አድርጎ አንስቶ በስተቀኙ ለተቀመጠው ያስተላልፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ሰው በአንድ ሰሃን ዋጋ ሁለት ምግብ ይቀምሳል፤ ቤቱም በሳቅ ይሞላል። እኔ ብቻ ዕድሌ ሆኖ በቀስ በሉ ቀኝ እቀመጣለሁ። አውቶቡስ ሲነዳ ኤሊ የሆነው ሰውዬ ሲበላ እሳት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእርሱ የወረስኩት የዓሣ አጥንት ብቻ ነው፤ ስለዚህም ስድስት ዓመት ሙሉ ሰድቤዋለሁ።

ታዲያ ደስታ ሲበዛ ሰው ሞኝ ይሆናል መሰለኝ፣ አንድ ቀን ተነስቼ ለክቡርነትዎ ደብዳቤ ጻፍኩ። የምስጋና ደብዳቤ! ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ ብዕሬና በገዛ ወረቀቴ። ጽሕፈት ቤትዎ «ለከተማዋ ውበት አስተዋጽኦ ያደረጉ ድርጅቶችን ጠቁሙ» ብሎ ማስታወቂያ ለጥፎ አይቼ ነበርና እውነት መስሎኝ ነው። የቤቷን አድራሻ ጻፍኩ። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት እንደምትሞላ ጻፍኩ። ደጅ ያሉት ሁለት ጠረጴዛዎች «በከተማው ውስጥ ከሁሉ የምወደው ጥላ» ሥር እንደሚገኙ ጻፍኩ። የጭልፋውንና የሰሃን ማዞሩን ነገር አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥቼ፣ ባለጭልፋዋ የምስክር ወረቀት እንዲሰጣት በትሕትና ለመንኩ። ወስጄም ለመዝገብ ቤትዎ አስረከብኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውን «ግልባጩ ላይ ማኅተም ሳታስመታ ደብዳቤ እንዳትሰጥ» ብዬ ስመክር የኖርኩ እኔ፣ ያን ቀን ግልባጭ እንኳ አላዘጋጀሁም። ለምስጋና ደግሞ ማን ደረሰኝ ይጠይቃል ብዬ ነው። ጎሽ ለልጇ ስትል ተወጋች ይባላል፤ እኔ ግን ሌላ ሰው ነው ያስወጋሁት።

መልስዎ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰ። ባለጭልፋዋ የድስቱን ክዳን ሁለቴ መታች። እኛም እንደ ልማዳችን ሰሃኖቻችንን አነሳን። በዚያችው ቅጽበት በሩ ተበርግዶ ዱላ የያዙ ስድስት ሰዎችና ወረቀት የያዘ አለቃቸው ገቡ። ተነሱ ያለን የለም። ውጡ ያለን የለም። እጅ ወደ ላይ ያለንም የለም፤ እጃችንማ ቀድሞውኑ ወደ ላይ ነበር።

ዱላው መጀመሪያ ያረፈው በፀጉር አስተካካዩ ላይ ነው፤ ቁመተ ረጅም ስለሆነ ሰሃኑ ከሁላችንም ሰሃን ከፍ ብሎ ነበርና። የመጀመሪያው ምት ሰሃኑን ሰበረው። ሁለተኛው ሰሃኑን የያዙትን ጣቶች ሰበራቸው። ሦስተኛው እነዚያኑ የተሰበሩ ጣቶች ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ደገማቸው። መቀስ የሚይዝበት ቀኝ እጁ ነው። ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ ደረቅ ዳቦ ስቆርስ ስለሚመጣብኝ ዳቦ በእጄ መቁረስ ትቻለሁ። ቀስ በሉ ተነስቶ ዕድሜውን ሙሉ የሚናገረውን ያንኑ ቃል ሲናገር በዱላ ጫፍ አፉን ወጉት። እኔ በእጄ የነበረው የእርሱ ሰሃን ነው። ክቡርነትዎ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ በሉ ሰሃን ላይ አንድ ነገር ተረፈልኝ፤ ሁለት ጥርሶቹ ከነደማቸው ሩዙ ላይ ወደቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ይምታታብኛል። አለቃው ወረቀቱን ጥሎ ዱላ ሲቀበል አይቻለሁ። ነርሷ በጠረጴዛው ሥር ሾልካ፣ ከወለሉ ላይ ማንኪያና የታጠፈ ወረቀት አንስታ፣ የፀጉር አስተካካዩን ጣቶች በእነርሱ ደግፋ በሻሿ ስታስርለት አይቻለሁ፤ አስራ ሳትጨርስ በፀጉሯ ጎትተው አወጧት። የሾርባው ድስት በእርግጫ ተገልብጦ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሠራተኛ እግሩ ተቃጠለ፤ ሰውዬው ገና መቀመጡ ነበር። እኔም በሆነ ነገር ግንባሬን ተመትቼ ደሜ ዓይኔን ሸፈነው። ባለጭልፋዋ ጥግ ተጠግታ የድስቱን ክዳን ትመታ ነበር፤ ሁለቴ አይደለም፣ ያለማቋረጥ፣ ጎረቤት እንዲሰማ። ጭልፋውን ቀምተው እጇን ወደ ኋላ አስረው ከነሽርጧ ወሰዷት። ጭልፋው አሁን «ኤግዚቢት ቁጥር አንድ» ነው ተብያለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። በሰፈራችን ክዳን ስለሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ አራት ዓመት አመልክተን፣ አንዲት አሮጊት ከገቡበት ወዲህ እንኳ መልስ አላገኘንም ነበር። ለካስ መሥሪያ ቤትዎ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰባት ሰው መላክ ይችላል። ስንፍና ነው ብዬ ሳማዎት በመኖሬ አፍሬአለሁ።

፪ኛ. ስለ ፍትሐዊነትዎ አመሰግናለሁ። ሴት ወንድ፣ ወጣት ሽማግሌ፣ ከፋይና ገና ያላዘዘ ሳይለዩ ሁሉንም በእኩል ዓይን፣ ሁሉንም በእኩል ዱላ ዳኝተውናል።

፫ኛ. ስለ ከተማችን ውበት አመሰግናለሁ። ሁለቱ የደጅ ጠረጴዛዎች የእግረኛ መንገድ ዘግተዋል ተብለው ተሰባብረው ተወስደዋል። አሁን በቦታቸው ፍርስራሽና የሸራው ብረት ስለተከመረ እግረኛው በመኪና መንገዱ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል።

፬ኛውን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ።

፭ኛ. በሩ ላይ ስለለጠፉት ማሸጊያ ወረቀት አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ቀን ከሐኪም ቤት መልስ ቆሜ አነበብኩት። «በዜጋ በቀረበ ጥቆማ መሠረት» ይላል፤ ዝቅ ብሎም «ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ሰው የሚሞላበትና ሁለት ጠረጴዛዎች በጥላ ሥር የሚገኙበት» ይላል። የራሴን ዓረፍተ ነገር «በከተማው ውስጥ ከሁሉ የምወደው» የሚለው ብቻ ተቆርጦለት በሕዝብ ፊት አነበብኩት። የቁልፍ ቀራጩ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ክቡርነትዎ፣ የተመታሁት ቅዳሜ ዕለት አልነበረም፤ ያን ቀን ነው።

ሆኖም መዝገብ ቤት ያደገ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። ደብዳቤዬ ለውርደቴ ምስክር እንደሆነ ሁሉ ለባለጭልፋዋም ምስክር ነው፤ ክዳኑ የሚመታው ሰሃን ለመለዋወጥ እንጂ ለጠብ እንዳልሆነ ጠብ ከመነሳቱ ከሦስት ሳምንት በፊት ይናገራልና። ቅጂ እንዲሰጠኝ ቢሮዎ ሄድኩ። ገቢ መዝገብዎን የያዘችው ልጅ ከስሜ ፊት ለፊት ስትደርስ ቆም አለች፤ ከዚያም አለቃዋን ልትጠይቅ ገባች፤ ስትመለስ ዓይኔን ማየት አልቻለችም። ጥቆማው በስልክ የመጣ ነው፣ በዚህ ስም የገባ ደብዳቤ የለም፣ አለችኝ። አልቆጣሁባትም፤ እኔም በዚያ ወንበር ተቀምጬ የአለቃ ውሸት ያስተላለፍኩባቸው ቀናት ነበሩ። በእርስዎ ላይ ግን ተቆጥቻለሁ። የእኔን ቃል በር ላይ ለጥፎ የእኔን ደብዳቤ መካድ ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

ለጓደኞቼ መናገር ነበረብኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሰብስቤያቸው የጠቆምኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። እርሱ እጁ እስከ ክርኑ በጄሶ ታስሮ ሚስቱ በማንኪያ ታጎርሰው ነበር። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች ዳግመኛ መቀስ እንደማይይዙ ነግሮታል። ፀጉር አስተካካዩ የጎረሰውን ዋጥ አድርጎ፣ «አንተ ያመሰገንከው ሾርባ ነው፤ ጣቴን የሰበረው ደግሞ ሾርባ አይደለም። በል ጻፍ፣ ሌላ ምን ትችላለህ!» አለኝ። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ነርሷ ማረፊያ ቤት ሄዳ ለባለጭልፋዋ ስትነግራትም የጠየቀችው ነገር ቢኖር፣ ያን ቀን ምድጃውን ያጠፋው ሰው ይኖር እንደሆነ ብቻ ነው። አጥፍተነዋል፤ ይኸው እርስዎም ይወቁልኝ።

አሁን ፬ኛውን ልጻፍ። ክሱ አራት ሰሃን ተወረወረ ይላል። ውሸት ነው፤ የተወረወረው አንድ ነው። የወረወርኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም፤ ልጆቼን እንኳ በጥፊ አልነካሁም። ነገር ግን ዱላው በተሰበሩት ጣቶች ላይ ለአራተኛ ጊዜ ሲነሳ ሳይ፣ የቀስ በሉን ሰሃን ከነሩዙ፣ ከነጥርሶቹ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩት። የመቺውን ጆሮ ግንድ አገኘው። ሰውዬው ሲንገዳገድ ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ደስ ይለኛል፤ ደስ ማለቱም ያስፈራኛል፤ ክቡርነትዎ በስድሳ ስምንት ዓመቴ ይህን በውስጤ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። የማንንም ጭልፋ ምልክት አልጠበቅኩም። ባለጭልፋዋ ያን ጊዜ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ሠራተኛ ሾርባ ልትቀዳ ጀርባዋን እንደሰጠች ነበር፤ ክዳኑን ያለማቋረጥ መምታት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ የሚከሰስ ካለ እኔ ነኝ፤ አድራሻዬ ከፊርማዬ በታች ስላለ እንደ ባለፈው በር መስበር አያስፈልግዎትም፤ ቢያንኳኩ እከፍታለሁ።

ስለዚህ እስከ ረቡዕ ድረስ ደብዳቤዬን ለችሎቱ እንዲልኩልን፣ ሴትዮዋም ወደ ምድጃዋ እንድትመለስ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላልና፣ ከረሱት በማስታወሴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የክቡርነትዎ ጣቶች ይህን ወረቀት ለመግለጥ፣ ጥርሶችዎም የሚቀጥለውን ምሳ ለማኘክ ጤና እንዲሆኑ የሚመኝ፣ በምስጋናው የተዋረደ፣ በስፌቱ የሚኮራ ታዛዥዎ፣

የቀድሞው መዝገብ ቤት ሠራተኛ
(ፊርማና ሙሉ አድራሻ አለው)

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ችሎት
ማኅተም ለማይጠየቅበት የሕዝብ ዓይን

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ ከፈረምኩ በኋላ የፀጉር አስተካካዩ ሚስት አስጠራችኝ። ሐኪም ቤቱ ያን ቀን ከባሏ ላይ ያወለቀውን ልብስ በላስቲክ አስሮ ሰጥቷት ኖሮ፣ ደሙን ማየት ስላልቻለች ሳትፈታው ከርማ ዛሬ ልታጥበው ፈታችው። ከሸሚዙ ጋር የነርሷ ሻሽ ነበር፤ በሻሹ ውስጥ ማንኪያና ጣቶቹ የተደገፉበት የታጠፈ ወረቀት። አለቃው ዱላ ሲቀበል የጣለው ወረቀት ነው። ዘረጋነው። የእኔ ደብዳቤ ነው፤ የገቢ ቁጥራችሁና ማኅተማችሁ አለበት። ባለጭልፋዋ ክዳኑን ስትመታ ሁሉም ሰሃን እንደሚያነሳ የጻፍኩበት መስመር በቀይ ተሰምሮበታል። ከጎኑ በክቡርነትዎ እጅ ለደንብ ክፍል ሲመሩበት እንዲህ ብለዋል፦ «እጃቸው ስለሚያዝ፣ ሰሃን ሲያነሱ ግቡ።» ዋናው ከጠበቃዋ ጋር ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ግልባጭ አስቀርቻለሁ። ለሰሃኑ እኔ ፈርሜአለሁ፤ ለጣቶቹ የሚፈርም ሰው ነበር የጠፋው፤ እነሆ የእርስዎ ፊርማ ተገኘ።